ናሽናልስ በአዲሱ ስታዲየም የመጀመሪያ ዓመታቸው ለምን 102 ጊዜ ተሸነፉ?

የኔቪ_ያርዷ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤዝቦል መከታተል የጀመርኩት በቅርቡ ነው። የምኖረው ዋሽንግተን ውስጥ ከናሽናልስ ፓርክ በእግር የሚደረስ ቦታ ስለሆነ ጨዋታ ባለ ቁጥር ጩኸቱ በመስኮት ይገባል፤ እንደዚያ ነው የለመድኩት። አሁን የክለቡን፣ የዋሽንግተን ናሽናልስን፣ ታሪክ ከሥሩ ጀምሬ እያነበብኩ ነው፤ አንድ ዓመት ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ።

ስታዲየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የመጀመሪያው ምሽት ጨዋታ በመጨረሻ ሰዓት ሆም ረን፣ ኳሷን ከአጥር ባሻገረ ምት፣ አለቀ፤ ከተማው በደስታ አበደ ይላል የማነበው ሁሉ። ገጹን ሳገላብጥ ግን የዓመቱ ውጤት 59 ድልና 102 ሽንፈት ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ዓመት ከ30ዎቹ የሜጀር ሊግ ቡድኖች እንደነሱ የተሸነፈ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም 73 ጨዋታ አሸንፈው ነበር። ቡድን አዲስ ቤት ሲገባ ይነቃቃል ሲባል ነው የምሰማው፤ እነዚህ እንዴት ባሰባቸው? ሜዳው አልተስማማቸውም? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ያኔ የነበራችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ግራ_እጅ

አጭሩ መልስ ተጫዋች አልነበራቸውም ነው። መቺው ኒክ ጆንሰን እግሩን ተሰብሮ ዓመት ሙሉ ካረፈ በኋላ ተመልሶ፣ በግንቦት ደግሞ የእጅ አንጓው ተጎዳና ዓመቱ በዚያው አበቃለት። ጨዋታ የሚዘጋላቸው ቻድ ኮርዴሮ ትከሻው ሄዶ ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው። ኮከቡ መቺ ራያን ዚመርማንም ራሱ በትከሻ ጉዳት ሳምንታት ከሜዳ ራቀ። ድልና ሽንፈት በወርዋሪው ስም ይጻፋል፤ ከወርዋሪዎቹ ብዙ ያሸነፈው ቲም ሬዲንግ ሲሆን እሱም 10 ብቻ ነው። ጆን ላናን ደህና እየወረወረ 15 ጊዜ ተሸነፈ፤ የሚመታለት አልነበረማ።

ላይኛው_መደዳ

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ያን ዓመት ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ሁሉም የሚያወራው ዋንጫ ስለወሰዱበት ስለ 2019 ነው።

እኔ ያኔ ታክሲ ነበር የምነዳው። ቤዝቦልን ያወቅኩትም በመኪናው ሬዲዮ ነው። ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጃግለር ሲያስተላልፉ ማታ ማታ እየሰማሁ፣ ኳሷ በዱላው ስትመታ በድምፁ ብቻ ሩቅ እንደሄደች መለየት ለመድኩ። አርኤፍኬም እሄድ ነበር። አዲሱ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሥራ በሌለኝ ምሽት ሁሉ መቀመጫዬ ላይኛው መደዳ ሆነ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

ግራ_እጅ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ግን አንድ ሰው ሲጎዳ ቡድኑ ባዶ የሚሆነው ለምንድነው? ከኋላው የሚተካው ከሌለ ነው። ለምን አልነበረም የሚለውን ለማወቅ ወደ ሞንትሪያል መመለስ አለብሽ። ይህ ቡድን እስከ 2004 ድረስ የሞንትሪያል ኤክስፖስ ነበር። በ2002 ባለቤቱ ሲለቅ ገዢ ጠፋና ሊጉ ራሱ ገዛው፤ ይህ ማለት የሌሎቹ 29 ቡድኖች ባለቤቶች በጋራ የሚያስተዳድሩት ቡድን ሆነ ማለት ነው። ተፎካካሪሽ የአንቺን ቤት በጀት ሲወስን አስቢው። በዚያው ዓመት ክለቡ ሊዘጋ ይችላል እየተባለ ስለነበር ለነገ ማሰብ ቀረ፤ ባርቶሎ ኮሎን የተባለውን ወርዋሪ ለማግኘት ክሊፍ ሊን፣ ግሬዲ ሳይዝሞርንና ብራንደን ፊሊፕስን አሳልፈው ሰጡ። ሦስቱም በኋላ ኮከብ ሆኑ፤ ሊ እንዲያውም የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ተሸለመ። መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በ2008። ዋሽንግተን ከታች ተኝቶ ባለበት በዚያው ዓመት እሱ ክሊቭላንድ ውስጥ 22 ጨዋታ አሸነፈ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በ2003 እና በ2004 ደግሞ ከሜዳቸው ጨዋታ 22 ያህሉን በየዓመቱ ፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ሄደው ነበር የሚጫወቱት። ቤት አልባ ቡድን ነበር ብል ማጋነን አይደለም። በ2005 ዋሽንግተን ሲገባ ይዞት የመጣው የወጣቶች መደብ ባዶ ነበር። የለርነር ቤተሰብ በ450 ሚሊዮን ዶላር የገዛው በ2006 ነው። ስታዲየሙም ቁፋሮው የተጀመረው በዚያው በ2006 ግንቦት ነው። አሁን ሁለቱን አስተያዪ፦ ኮንክሪትና ብረት ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቆሞ ያልቃል። ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ግን በማይነር ሊግ፣ ማለትም በታችኛው ሊግ፣ በኩል አልፎ ሜጀር ሊግ ለመድረስ ሦስትም አራትም ዓመት ይፈጅበታል፤ ከደረሰ ነው እሱም። ስለዚህ በ2008 መጋቢት በሩ ሲከፈት ቤቱ አልቋል፣ ቡድኑ ግን ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነበር።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ብቻ ልስጥሽ። በመክፈቻው ምሽት በአዲሱ ሜዳ የመጀመሪያዋን ኳስ የወረወረው ኦዳሊስ ፔሬዝ ነው። ይህ ሰው ክለቡን የተቀላቀለው የዚያው ዓመት ልምምድ ሊጀመር ሲል ነው፤ ያውም ቦታ ይኑረው አይኑረው ባልታወቀበት የማይነር ሊግ ውል። ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ስታዲየም ተከፍቶ ለመክፈቻው የሚቆመው ቁጥር አንድ ወርዋሪ እሱ ነበር። ፔሬዝን ማሳነሴ አይደለም፤ በዚያ ምሽት በደንብ ሠርቷል። ከኋላው የተሰለፈ ሰው እንዳልነበር ለማሳየት ነው።

ያን ምሽት ግን ማንም ሊወስድብን አይችልም። እሑድ መጋቢት 30 ነበር፣ ብርድ ነው። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ በሬዲዮ ነው የተከታተልኩት። ፕሬዝዳንት ቡሽ የመክፈቻዋን ኳስ ለአሠልጣኙ ለማኒ አክታ ወረወሩ። የኛዎቹ በመጀመሪያው ኢኒንግ (ጨዋታው 9 ዙር ነው፣ አንዱ ዙር ኢኒንግ ይባላል) 2 አስቆጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝም አሉ። የአትላንታው ቺፐር ጆንስ በአዲሱ ስታዲየም የመጀመሪያውን ሆም ረን መታ፤ የመጀመሪያው የእንግዳ ሆነ ብዬ ተናደድኩ። በ9ኛው ኢኒንግ አትላንታ አቻ አደረገ። በኛ ተራ ሁለት መቺ ወጥቶ ራያን ዚመርማን ገባ። የ23 ዓመት ልጅ ነበር፤ ክለቡ ዋሽንግተን ከገባ በኋላ በድራፍት፣ ቡድኖች በየዓመቱ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት፣ መጀመሪያ የመረጠው እሱን ነው። ፒተር ሞይላን የወረወራትን ኳስ በግራ መሐል በኩል ከአጥር አሻገራት፤ 3 ለ 2። መኪናውን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ከኋላ የተቀመጠው ደንበኛዬ ምን ሆንክ አለኝ፤ ስነግረው አብሮኝ አጨበጨበ።

በማግስቱም ፊላዴልፊያ ሄደው አሸነፉ፤ እንደገናም አሸነፉ። ሦስት ለዜሮ! ከዚያ ግን ዘጠኝ በተከታታይ ተሸነፉ። ነሐሴ ላይ ደግሞ 12 በተከታታይ። ስለ ሌላው ወር ብዙ የምለው የለም፣ አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር።

አናኮስቲያ_ማዶ

ወንድሜ ላይኛው_መደዳ በደንብ አስረድተሃል፤ እኔ ግን ስለ ሜዳው ብቻ ስናወራ ቅር ይለኛል። ያን ስታዲየም የሠራው የከተማው ገንዘብ ነው። 611 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ነው የታቀደው፣ በመጨረሻ ከዚያ በለጠ። ከተማው ቦንድ ሸጦ ተበደረ፤ ዕዳው የሚከፈለው በትልልቅ ንግዶች ላይ በተጣለ ልዩ ክፍያ፣ በመብራትና በመሳሰሉት አገልግሎቶች ላይ በተጨመረ ግብርና በስታዲየሙ ውስጥ ከሚሸጠው በሚሰበሰብ ቀረጥ ነው። በቦታው ላይ የነበሩት የሥራ ቦታዎችና የምሽት ክበቦች በሕግ መሬታቸው ተወስዶ ነው የተነሡት። ይህ ሁሉ ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ክለቡ ስታዲየሙ ሙሉ በሙሉ አልተጠናቀቀም በማለት ለከተማው የሚከፍለውን 3.5 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ ይዞ ቆየ። እኔ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ሆኜ ክሬኖቹን አይ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣና በዙሪያው ይነሣሉ የተባሉት ሕንፃዎች ግንባታ ተቋረጠ። ሃፍ ስትሪት ላይ፣ ከሜትሮ ወጥተሽ ወደ በሩ ስትሄጂ፣ ለዓመታት ጉድጓድ ነበር። አንቺ ዛሬ የምትኖሪበት አካባቢ ያኔ እንደዚህ አልነበረም።

ግራ_እጅ

ስለ ገንዘቡ አልከራከርም። ጠያቂያችን ግን አዲስ ስታዲየም ቡድን ያነቃቃል ወይ ነው ያለችው። ታሪኩን እንየው። ባልቲሞር በ1991 67 አሸንፎ በ1992 ካምደን ያርድስ ሲገባ 89 አሸነፈ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2000 አዲሱ ቤቱ ሲገባ 97 አሸንፎ ምድቡን መራ። ሚኔሶታ በ2010 ታርጌት ፊልድ ከፍቶ 94። ሴንት ሉዊስ በ2006፣ ያንኪስ በ2009፣ ሁለቱም በገቡበት ዓመት የሊጉን ዋንጫ፣ ዎርልድ ሲሪዝን፣ ወሰዱ። በሌላ በኩል ማያሚ በ2012 አዲስ ስታዲየም ገብቶ 69 ብቻ አሸነፈና ዓመቱ ሲያልቅ ኮከቦቹን ሸጠ። አትላንታም በ2017 90 ጊዜ ተሸነፈ።

እንግዲህ የገቡበትን ሁኔታ እዩት። ያንኪስ ሊገባ ሲል ሲሲ ሳባቲያን፣ ማርክ ቴሼራንና ኤጄ በርኔትን ገዛ። ሳን ፍራንሲስኮ ባሪ ቦንድስ ነበረው። ስታዲየሙ ገቢ ያመጣል፣ ገቢው ወደ ተጫዋች የሚቀየረው ግን ባለቤቱ ከወሰነ በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ዓመት አይደርስም።

ስለ ሜዳው መጠንም ጠይቃለች። ናሽናልስ ፓርክ በግራ 336 ጫማ፣ በመሐል 402፣ በቀኝ 335 ነው። አርኤፍኬ ከዚህ ይሰፋ ነበር፤ እዚያ ብዙ ኳስ አጥር ሳይደርስ ሞቷል። ስለዚህ አዲሱ ለመቺዎች ይሻላል እንጂ አይብስም። ሜዳውን መውቀስ አይቻልም።

የኔቪ_ያርዷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሞንትሪያሉን ነገር ጨርሶ አላውቅም ነበር። ክሊፍ ሊ በዚያው ዓመት ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። አናኮስቲያ_ማዶ፣ ስለ ጉድጓዱ ያሉትን ለጎረቤቴ ሳነብላት ታስታውሳለች፣ እውነት ነው አለችኝ።

ጋሼ ላይኛው_መደዳ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሰዉስ? እንዲህ እየተሸነፉ ማን ይመጣ ነበር? እርስዎስ ለምን መሄድ አላቆሙም?

ላይኛው_መደዳ

መጀመሪያ ለአናኮስቲያ_ማዶ። ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ገንዘቡ የሁላችንም ስለነበር ነው ሽንፈቱ የበለጠ የከበደን። እኔ ግን ስታዲየሙን እንደ ባለቤቶቹ ንብረት አይቼው አላውቅም። ከሃፍ ስትሪት በመሐል ሜዳው በር ስትገባ ሳሩ ከእግርህ በታች ነው የሚታይህ፤ መጫወቻው ከመንገዱ 24 ጫማ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ደረጃ ሳትወጣ ሜዳው በሙሉ ይገለጥልሃል። አርኤፍኬ ክብ ኮንክሪት ነበር፣ ለአሜሪካ ፉትቦልም ለሁሉም የተሠራ። ይህ ግን ለቤዝቦል ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ስታዲየሞች በአካባቢ ጥበቃ ደረጃ የምስክር ወረቀት ያገኘ የመጀመሪያውም ነው። የባልቲሞርን ስታዲየም ቀይ ጡብ አለመኮረጃቸውን ወድጄዋለሁ፤ ነጣ ያለ ድንጋይ መሰል ግድግዳ፣ ብረትና መስታወት ነው፣ ከከተማው ጋር ይሄዳል። በሰሜን በኩል በበሩ ግራና ቀኝ ያቆሟቸውን ሁለት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች ግን እስከ ዛሬ አልወደድኳቸውም። እዚያ ቦታ ላይ መታየት የነበረበት ካፒቶል፣ የኮንግረሱ ሕንፃ፣ ነው።

ስለ ሰዉ የጠየቅሽኝ፦ በ2008 ዓመቱን ሙሉ 2.3 ሚሊዮን ሰው ገባ፤ በአንድ ጨዋታ ወደ 29,000 ይሆናል። መጥፎ አይመስልም። ግን ስታዲየሙ ያኔ 41,888 ይይዝ ነበር። ደግሞ ይህን አስቢ፦ በ2005 ቡድኑ ሲመጣ በዚያ በአሮጌው አርኤፍኬ 2.7 ሚሊዮን ሰው ገብቶ ነበር። አዲሱ ቤት የአሮጌውን የመጀመሪያ ዓመት አላለፈም። ለምን? በ2005 ቡድኑ 81 አሸንፎ 81 ተሸንፎ፣ በሐምሌ ምድቡን ይመራ ነበር። ከተማው ከ1971 በኋላ ቤዝቦል አይቶ አያውቅም፤ ሰዉ የተራበው ለጨዋታው ነበር። በመክፈቻው ምሽት እንኳ 39,389 ነው የገባው። በ2009 ደግሞ ስታዲየሙን ለማየት ብቻ የመጣው ሰው አይቶ ጨረሰና ቁጥሩ ወደ 1.8 ሚሊዮን ወረደ። በ2008 ትልቁ ሕዝብ ስታዲየሙ ውስጥ የታየው ለጨዋታም አልነበረም፤ ሚያዝያ 17 ቀን ጳጳስ ቤኔዲክት 16ኛ ቅዳሴ ሲቀድሱ ነው።

በቴሌቪዥን ያዩት ሰዎች ከመቺው ጀርባ ያሉት ውድ ወንበሮች ባዶ ናቸው ይሉ ነበር። ናቸው። ላይ ግን ሌላ ነበር። በጨዋታው ቀን በመስኮቱ የሚሸጥ የ5 ዶላር ቲኬት ነበረ። መኪና ያለው ደግሞ አርኤፍኬ በነፃ አቁሞ በነፃ አውቶቡስ ይመጣ ነበር። እዚያ ላይ የምናገኛቸው ሰዎች ቤተሰብ ይዘው የሚመጡ፣ ከሥራ ወጥተው በቀጥታ የሚመጡ፣ ውጤቱን በእርሳስ በወረቀት የሚመዘግቡ አዛውንቶች ናቸው። አንድ ሽማግሌ እስከ 1971 የነበረውን የከተማውን ቡድን ሴናተርስን ልጅ ሆነው እንዳዩ ነገሩኝ። 33 ዓመት ባዶ ለቆየ ከተማ 102 ሽንፈት ምንም አይደለም፤ ቡድን አለን አሉኝ። ለምን አላቆሙም ላልሽኝ የኔም መልስ ይኸው ነው። መሸነፋቸው ያመኝ ነበር፣ ግን ማታ ሬዲዮ ስከፍት ድምፁ አለ፤ የኛ ቡድን ይጫወታል።

ደግሞ ደስታ ጨርሶ አልነበረም አይባልም። የኛው ክርስቲያን ጉዝማን ያን ዓመት ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ፣ ተመረጠ። ነሐሴ 28 ቀን ከዶጀርስ ጋር ሲጫወቱ በአንድ ጨዋታ ሲንግል፣ ደብል፣ ትሪፕልና ሆም ረን መታ (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና አራት ማዕዘን የሚያስሮጡ ምቶች ናቸው)። መላው ስታዲየም ቆሞ ነበር፤ ቡድኑ ወደ መቶኛው ሽንፈት እየሄደ እያለ ማለት ነው።

ግራ_እጅ

የድራፍቱን ነገር ሳትነግራት አትለፍ። ከሁሉ መጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ይመርጥ ነበር። በዚያ 102 ሽንፈት ነው ስቲቨን ስትራስበርግ የመጣው። በ2009ም 59 ብቻ ስላሸነፉ በ2010 ብራይስ ሃርፐር መጣ።

ላይኛው_መደዳ

ልክ ነህ። ሌላም አለ። በ2008 በመጀመሪያው ዙር የመረጡት ወርዋሪ አሮን ክሮው በገንዘብ አልተስማማምና ሳይፈርም ቀረ። ያኔ ደጋፊው ሁሉ ተቆጣ፤ ይህ ክለብ ቤዝቦል አሁንም አልገባውም ተባለ። በምትኩ በ2009 የተሰጣቸው ምርጫ 10ኛው ነበር፤ በሱ ድሩ ስቶረንን ወሰዱ። ስለዚህ በዚያ አንድ ድራፍት ስትራስበርግም ስቶረንም መጡ። በ2012 98 አሸንፈው ምድቡን ሲወስዱ ሁለቱም ነበሩበት።

ግን እህቴ፣ ሆን ብለው ተሸነፉ የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትቀበዪው። ላናን በየአምስት ቀኑ እየወጣ እንዴት ይወረውር እንደነበር አይቻለሁ። ማንም ለድራፍት ብሎ በዚያ ሐምሌ ሙቀት እንደዚያ አይለፋም።

የኔቪ_ያርዷ

እሺ ጋሼ፣ አልቀበልም። ታዲያ አሁን የቆየ ጨዋታ ፈልጌ ልይ ብል ከዚያ ዘመን የትኛውን ልጀምር? የመክፈቻውን?

ላይኛው_መደዳ

የመክፈቻውን እዪ፣ ለዚመርማን ስትዪ። ከዚያ ግን በቀጥታ ወደ ሰኔ 8 ቀን 2010 ሂጂ፤ ስትራስበርግ መጀመሪያ የወጣበት ቀን፣ ከፒትስበርግ ጋር። እኔ የማውቀው ስታዲየም ያን ቀን ሌላ ሆኖ ነበር፤ ከ40,000 በላይ ሰው፣ ላይኛው መደዳ እንኳ እግር መዘርጊያ የለም። 14 መቺ በስትራይክ አውት (ሦስት ስትራይክ ሞልቶባቸው) መለሰ፣ በተሳሳተ ውርወራ አንድም ሰው በነፃ አላሳለፈም። የመጨረሻዎቹን ሰባት በተከታታይ ነው የጣላቸው። ሁለት ስትራይክ በሆነ ቁጥር ሰዉ ሁሉ ሲነሣ ታያለሽ፤ ድምፁን ከፍ አድርጊው።